የወንዝ ማዕበልና መሐንዲሱ፤ የካያክ ፍሪስታይል ታሪክ

ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ሁሉ ከከፍታው ያገኘውን ጉልበት በጉዞው ላይ አንድ ቦታ ማራገፉ አይቀርም። ጉልበቱን ተርባይን ሲቀበለው መብራት ይሆናል፤ ተቀባይ ሲያጣ ግን የወንዙን አልጋ ይቆፍራል፣ የድልድይ መሠረት ያናጋል፣ የግድብ እግር ይሸረሽራል። ስለሆነም በውኃ ሥራ የተሰማራ መሐንዲስ አስቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ይህን ትርፍ ጉልበት በታወቀ ቦታና በተወሰነ ስፋት ውስጥ የማጥፋት ዘዴ ነው። ከዘዴዎቹ ሁሉ የታወቀው ደግሞ ሃይድሮሊክ ጃምፕ የሚባለው የውኃ ዝላይ ነው፤ ይኸውም ስስ ሆኖ በፍጥነት ይሮጥ የነበረ ውኃ በድንገት ወፍሮ፣ ዝግ ብሎና አረፋ ደፍቆ የሚነሣበት ስፍራ ነው።

እኛ የጉልበት መግደያ ብለን በምናውቀው በዚሁ ስፍራ ላይ ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ወዲህ ሌላ ባለጉዳይ መጥቷል። ይህ ባለጉዳይ በአንዲት አጭር ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ መነሻ አዙሮ፣ ውኃው ከሥሩ እየሮጠ ሲያልፍ እሱ ግን ከማዕበሉ ላይ ሳይወርድ ይሽከረከራል፣ ይዘላል፣ ይገለበጣል፣ መልሶም ይነሣል። ጨዋታው ካያክ ፍሪስታይል ይባላል። የአገራችን ሰው «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ሲል ከንቱ ድካምን ይገልጽበታል፤ የፍሪስታይል ቀዛፊ ግን ደስታውንም ጥበቡንም ያገኘው ውኃ ራሱን በራሱ ከሚወቅጥበት ከዚያው ቦታ ነው።

ይህ ጽሑፍ የጨዋታውን ታሪክ ባጭሩ ይተርካል። የሚተርከው ግን ለጨዋታው ብቻ ሲል አይደለም። የዚህ ስፖርት ታሪክ ገና ከመነሻው ከግድብ፣ ከቦይና ከመቀልበሻ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ለሙያችን ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ የአንድ ዝላይ ቅርጽ በጥቂቱ ሲለወጥ መጫወቻ የነበረው ሰው የሚያሰጥም ሊሆን እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ የወራጅ ውኃ ዋጋ በኪሎዋትና በሄክታር ብቻ ተሰልቶ እንደማያልቅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዝላዩ ጠባይ

የውኃ ዝላይን ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ አስተውሎታል። በሙከራ መለካት የጀመረው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በኢጣልያ ቱሪን ከተማ ይሠራ የነበረው ጆርጆ ቢዶኔ ነው። ከእሱ በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ቤላንዤ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፋችን የሚገኘውን የሁለቱን ጥልቀቶች ግንኙነት በስሌት አስቀመጠ። ዝላዩን ለመመደብ የምንጠቀምበት የፍሩድ ቁጥር ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ ነው። ፍሩድ የመርከብ ሰው ነበረ፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በቶርኪ ባሠራው ገንዳ ውስጥ ትናንሽ የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ የውኃን መቋቋም ይለካ ነበር። ለጀልባ ጥናት የታሰበው ቁጥር ለወንዝና ለግድብ ማገልገሉ፣ ከዚያም በወንዝ ማዕበል ላይ ለሚጫወት ጀልባ ተመልሶ መጥቀሙ ከታሪክ አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

የፍሩድ ቁጥር ከአንድ ሲበልጥ ውኃው ከራሱ ሞገድ ቀድሞ ይሮጣል፤ ከአንድ ሲያንስ ሞገዱ ይቀድመዋል። ከመጀመሪያው ሁኔታ ወደ ሁለተኛው የሚሸጋገረው በዝላይ ነው። ቁጥሩ እስከ 1.7 ገደማ ሲሆን ዝላዩ ተከታታይና ለስላሳ ሞገድ ብቻ ይሆናል። ቁጥሩ 2 ሲደርስ የውኃው ጥልቀት ወደ 2.4 እጥፍ ያድጋል፤ የሚጠፋው ጉልበት ግን ከጠቅላላው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቁጥሩ 6 ሲሆን ጥልቀቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የሚጠፋውም ጉልበት 56 በመቶ ይደርሳል። ከግድብ ማፍሰሻ ሥር የማርገቢያ ገንዳ የሚሠራ መሐንዲስ የሚፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ቀዛፊው ግን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን፣ ማለት መሐንዲሱ «ደካማ» ብሎ የሚንቀውን ዝላይ ነው።

ጀልባዋ በማዕበሉ ላይ የምትቆይበት ምክንያት ቀላል ነው። ማዕበሉ ወደ ወንዙ መነሻ የሚያይ ቁልቁለት አለው። ጀልባዋ በዚህ ቁልቁለት ላይ ስትቀመጥ ክብደቷ ወደ ላይኛው ወንዝ ያንሸራትታታል፤ የሚሮጠው ውኃ ደግሞ በሰበቃ ወደ ታችኛው ወንዝ ይገፋታል። ሁለቱ ኃይሎች ሲመዛዘኑ ጀልባዋ ለዳር ተመልካች ባለችበት የቆመች ትመስላለች፤ ለውኃው ግን በከፍተኛ ፍጥነት የምትበርር ናት። የማዕበሉ ራስ ተሰብሮ ጥቂት አረፋ ሲደፋበት ጀልባዋን ይዞ ያቆያታል፤ ቀዛፊውም ጨዋታውን በፈለገው መጠን ይቀጥላል። የፍሪስታይል ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ሚዛን ላይ ነው።

ከቆዳ ጀልባ እስከ ፕላስቲክ

ካያክ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ሥራ ነው። የግሪንላንድና የአካባቢው አዳኞች በእንጨት ወይም በአጥንት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ነበር። በበረዷማ ባሕር ውስጥ የተገለበጠ ሰው ከጀልባው ወጥቶ መዋኘት ሞት ስለሆነበት ከጀልባው ሳይወጣ በመቅዘፊያው ተመልሶ የመነሣትን ዘዴ እነሱው ፈጠሩ። አውስትሪያዊው ኤዲ ሃንስ ፓውላታ ይህን ዘዴ በ1927 ሲለማመድ አውሮፓውያን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠሩት። ያለዚህ ዘዴ ፍሪስታይል ሊታሰብ አይችልም ነበር፤ መገልበጥ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ የጨዋታው አንድ ክፍል የሆነው በዚህ ምክንያት ነውና።

በወንዝ ላይ የሚደረገው የስላሎም ውድድር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በስዊትዘርላንድ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም በ1949 በጄኔቫ ተካሄደ። የስላሎም ዓላማ በተሰቀሉ በሮች መካከል በአጭር ጊዜ ማለፍ ስለነበር የጀልባው ርዝመት ከ4 ሜትር እንዳያንስ በደንብ ተወስኖ ቆየ። ረጅም ጀልባ ይፈጥናል፤ በአንድ ማዕበል ላይ ለመዞር ግን አይመችም። ከሸራና ከእንጨት ወደ መስታወት ጭረት ከተሸጋገረ በኋላም ጀልባው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰነጠቅ ነበር፤ ቀዛፊውም ማታ ማታ ጀልባውን ሲጠግን ያመሽ ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። በአሜሪካ አገር በሚሽከረከር ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቀልጦ የሚሠራ የፕላስቲክ ካያክ ገበያ ላይ ዋለ። ፕላስቲክ ድንጋይ ሲመታው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ቀዛፊውም ለጀልባው መስጋቱን ሲተው በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ መሞከርን፣ መውደቅንና ደግሞ መሞከርን ለመደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጂም ስናይደርና ጄሲ ዊትሞር በምሥራቃዊ አሜሪካ ወንዞች ላይ በጣም ስስ የሆኑና አየራቸው የተቀነሰ ጀልባዎች ይዘው ብቅ አሉ። እነዚህ ጀልባዎች ጭራቸውን ወይም አፍንጫቸውን በቀላሉ ውኃ ውስጥ ስለሚቀብሩ ቀዛፊው ጀልባውን ቀጥ አድርጎ ማቆምና እንደ መንኰራኵር ማዞር ቻለ። እስከዚያ ድረስ ጨዋታው በውኃው ገጽ ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከውኃው በታችና በላይ ያለውም ቦታ የመጫወቻው ክፍል ሆነ።

በ1990ዎቹ ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነና ጠርዛቸው የተሳለ ጀልባዎች መጡ። ጠፍጣፋው ሆድ በማዕበሉ ላይ እንደ ሳህን እንዲንሸራተቱ ስላደረጋቸው በአግድም ሙሉ መዞር ተቻለ። ርዝመታቸውም ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ሄዶ ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ። የዛሬው ቀዛፊ ጀልባውን እንደ ጫማ ተጫምቶት፣ ከማዕበሉ ራስ ላይ ተስፈንጥሮ አየር ላይ ከተገለበጠ በኋላ በዚያው ማዕበል ላይ ያርፋል።

ከወንዝ ዳር ጨዋታ እስከ ዓለም ሻምፒዮና

በማዕበል ላይ የመቀመጥን ነገር ካስፋፉት ሰዎች አንዱ በአይዳሆ ክፍለ ግዛት የሳልሞን ከተማ ሐኪም የነበረው ዋልት ብላካዳር ነው። ካያክ መቅዘፍ የጀመረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። በ1971 በአልሴክ ወንዝ ላይ ተርንባክ የሚባለውን አስፈሪ ሸለቆ ብቻውን አቋርጦ ስሙን አስጠራ፤ በ1978 ግን በዚያው በአይዳሆ በፔየት ወንዝ ላይ ሳለ ውኃው በወደቀ ግንድ ላይ ገፍቶት ሞተ። በ1970ዎቹ በአይዳሆ ስታንሊ በምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ ቀዛፊዎች እየተሰበሰቡ በአንድ ማዕበል ላይ ተራ በተራ ችሎታቸውን ያሳዩ ጀመር። ውድድሩንም ሮዴዮ አሉት፤ ሮዴዮ የምዕራብ አሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ባልተገራ ፈረስና ኮርማ ላይ ተቀምጠው ሳይወድቁ ለመቆየት የሚወዳደሩበት ጨዋታ ነው። ስሙ ተስማሚ ነበር።

በ1991 ከዌልስ ጠረፍ አጠገብ በራምዚ የባሕር ወሽመጥ፣ የባሕር ሙላት በሚፈጥረው ወራጅ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ውድድር ተደረገ። በ1993 በአሜሪካ ቴኔሲ በኦኮዪ ወንዝ፣ በ1995 በጀርመን አውግስቡርግ፣ በ1997 በካናዳ ኦታዋ ወንዝ፣ በ1999 በኒው ዚላንድ፣ በ2001 በስፔን ሶርት ከተማ ቀጠለ። የዓለም አቀፉ የካኑ ፌዴሬሽን ጨዋታውን በራሱ ጥላ ሥር ካደረገው በኋላ የመጀመሪያው የፌዴሬሽኑ ሻምፒዮና በ2007 በኦታዋ ወንዝ ተካሄደ። «ሮዴዮ» የሚለውም ስም ቀርቶ «ፍሪስታይል» ተተካ። ተወዳዳሪው 45 ሴኮንድ ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሠራቸው ልዩ ልዩ እንቅስቃሴዎች እንደ ክብደታቸው በዳኞች ይቆጠሩለታል። አሜሪካዊው ኤሪክ ጃክሰን በ1993፣ በ2001፣ በ2005 እና በ2007 አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ከእነዚህ የውድድር ቦታዎች ብዙዎቹ ከእኛ ሙያ ጋር ግንኙነት አላቸው። አውግስቡርግ ለ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ በሰው እጅ የተሠራ የስላሎም ቦይ ነው። የኦኮዪ ታሪክ ግን ከሁሉም ይልቅ ለመሐንዲስ የሚያስደንቅ ስለሆነ ለብቻው መተረክ ይገባዋል።

የኦኮዪ ውኃ ዋጋ

በኦኮዪ ወንዝ ላይ የተሠራው ሁለተኛው ግድብ ሥራውን የጀመረው በ1913 ነው። ግድቡ ውኃውን ከወንዙ አውጥቶ በተራራው ጎን ላይ በተዘረጋ፣ ርዝመቱ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የእንጨት አሸንዳ ይወስድና ወደ ኃይል ማመንጫው ይጥለዋል። በዚህ ምክንያት በግድቡና በማመንጫው መካከል ያለው የወንዙ አልጋ ለስድሳ ዓመት ያህል ባዶ ድንጋይ ሆኖ ቆየ። በ1939 ግድቡ በቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን እጅ ገባ።

በ1976 አሸንዳው በማርጀቱ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ ውኃውም ወደ ጥንተ አልጋው ተመለሰ። ቀዛፊዎችና ሰው በጎማ ጀልባ አሳፍረው የሚወስዱ ድርጅቶች ወዲያው ደረሱ፤ ጥገናው በሚካሄድባቸው ዓመታትም በወንዙ ዳር አዲስ የሥራ መስክ ተከፈተ። በ1983 አሸንዳው ታድሶ ሲያልቅ ባለሥልጣኑ ውኃውን መልሶ ሊወስድ ተነሣ። የእሱ ክርክር የሚናቅ አልነበረም፤ በወንዙ አልጋ የሚፈስ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ያልመነጨ ኤሌክትሪክ ነውና። የቀዛፊዎቹም ክርክር የሚናቅ አልነበረም፤ ወንዙ ቀድሞ የሕዝብ ነበረና።

ክርክሩ እስከ አሜሪካ ሸንጎ ደረሰ። ሸንጎው ያገኘው መፍትሔ የሂሳብ መፍትሔ ነበር። ለሚቀረው ኤሌክትሪክ ካሣ 7.4 ሚሊዮን ዶላር ለባለሥልጣኑ ተመደበለት፤ ባለሥልጣኑም በዓመት 116 ቀን ውኃውን በወንዙ አልጋ እንዲለቅ ለ35 ዓመት ግዴታ ገባ። በዚህ ስምምነት ውኃ በተለቀቀበት ወንዝ ላይ በ1993 የዓለም ፍሪስታይል ውድድር ተደረገ፤ ከዚያው ወንዝ በላይኛው ክፍል ላይ ደግሞ የ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ የስላሎም ውድድር ተካሄደ። ዘመኑ ሲያልቅም ውኃ መልቀቁ እንዲቀጥል አዲስ ስምምነት ተፈረመ።

ዋናው ቁም ነገር ማን አሸነፈ የሚለው አይደለም። በኦኮዪ በአልጋው ላይ የሚሮጥ ውኃ ዋጋ ተተመነለት፤ በኃይል ማመንጫው ሂሳብ ፊት ለፊት በሌላው ዓምድ ተጻፈ። ከዚያ በፊት ዓምዱ ራሱ አልነበረም።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ

የአገራችን ተረት «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» ይላል። ይህ ተረት ከማንኛውም ፏፏቴ ይልቅ በትክክል የሚስማማው ለዝቅተኛ የመቀልበሻ ግድብ ነው። ከአንድና ከሁለት ሜትር የማይበልጥ፣ ከዳር እስከ ዳር የተስተካከለ፣ ውኃ እንደ መጋረጃ የሚወርድበት ግድብ ለዓይን ገራም ነው። ነገር ግን ከግድቡ በታች ያለው ውኃ ዝላዩ ከሚፈልገው ጥልቀት በላይ ሲሞላ ዝላዩ ይሰጥማል። ያን ጊዜ የወረደው ውኃ በወለሉ ላይ ይሮጣል፤ ከላይ ያለው ውኃ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ግድቡ ፊት ይመለሳል። በዚያ የወደቀ ሰው ተንሳፎ ሲወጣ ወደ ግድቡ ይጎተታል፤ ከግድቡ የሚወርደው ውኃ ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ መልሶ ሲወጣም ያው ይደገምበታል። አየር የተቀላቀለበት ውኃ ሰውን በሚገባ ስለማያንሳፍፍ ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል።

በ1975 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በቢንጋምተን ከተማ በሳስኳሃና ወንዝ ላይ በሚገኝ እንዲህ ያለ ግድብ ሥር ሌሎችን ለማዳን የገቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰጥመው ሞቱ። የማዳኛ ጀልባዎቻቸውን ይኸው የሚመለስ ውኃ ነበር የገለበጣቸው። በ1991 ሎይትሆይሰርና በርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ዝቅተኛ ግድቦች ባሳተሙት ጥናት የአደጋውን አሠራር አብራርተው ግድቡን ሰው እንዳያሰጥም አድርጎ ማነጽ እንደሚቻል አሳዩ። የግድቡን የታች ፊት በደረጃ ወይም በረጋ ቁልቁለት መሥራት የሚመለሰውን ውኃ ይሰብረዋል።

ቀዛፊዎች ይህን ልዩነት በሰውነታቸው ነው የተማሩት። የዝላዩ ሁለት ጫፎች ወደ ታችኛው ወንዝ የታጠፉ ከሆኑ ውኃው ራሱ ሰውን ወደ ዳርና ወደ ውጭ ያወጣዋል። ጫፎቹ ወደ ላይኛው ወንዝ የታጠፉ ከሆኑ ግን የገባውን ወደ መካከል ይመልሰዋል። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ግድብ ደግሞ ምንም መውጫ የለውም። ልምድ ያለው ቀዛፊ ቁመቱ ብዙ በሆነ የተፈጥሮ ማዕበል ላይ ይጫወትና ቁመቱ አንድ ሜትር በሆነ የሲሚንቶ ግድብ ፊት ሲደርስ ጀልባውን ተሸክሞ በእግሩ የሚያልፈው ስለዚህ ነው። መሐንዲሱ በስሌት የሚያውቀውን ቀዛፊው በጉልበቱ ያውቀዋል፤ ሁለቱ እውቀቶች የተገናኙት ግን ዘግይተው ነው።

ማዕበልን መሥራት

እውቀቶቹ የተገናኙበት መስክ ሰው ሠራሽ ማዕበል ነው። ከአውግስቡርግ በኋላ በእንግሊዝ ኖቲንግሃም በ1986 የተከፈተው ቦይ የአካባቢው ቀዛፊዎች ትምህርት ቤት ሆኖ ቆይቶ የ2022ን የዓለም ፍሪስታይል ሻምፒዮና አስተናግዷል።

ከሁሉም የሚጠቀሰው ግን በአሜሪካ ጆርጂያ ክፍለ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ የተሠራው ነው። በቻታሁቺ ወንዝ ላይ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ኃይል ይሰጡ የነበሩ ግድቦች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ኢግል ኤንድ ፊኒክስ የተባለው በ1882 የተሠራ ነው። ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ በኋላ ግድቡ በ2012 ተከፈተ፤ ሲቲ ሚልስ የተባለውም በ2013 ተከተለው። ለአንድ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ በረጋ ውኃ ሥር የተቀበሩት ዓለቶች ወጡ፤ መሐንዲሶች አልጋውን አስተካክለው በከተማው መሐል ማዕበል እንዲነሣ አደረጉ። የ2023 የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በዚያ ነው። ከላይ ያለው የኃይል ማመንጫ ግድብ አሁንም ይሠራል፤ የወንዙም መጠን እሱ በሚለቀው ልክ ይወሰናል።

እንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የሙኒኩ የአይስባኽ ማዕበል ይመሰክራል። በዚያ ቦይ ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰዎች በሰሌዳ ሲጫወቱ ኖረዋል። በ2025 መኸር ቦዩ እንደ ልማዱ ተጠርጎ ውኃ ሲለቀቅበት ግን ማዕበሉ ሳይነሣ ቀረ። ዝላይ በጥልቀትና በፍጥነት መካከል ባለ ቀጭን ሚዛን ላይ የተቀመጠ ነው፤ በወለሉ ላይ የሚደረግ መጠነኛ ለውጥ ሊያፈርሰው ይችላል።

ነጭ ዓባይ በኡጋንዳ

የኦኮዪ ማዕበል በካሣ ተመለሰ፤ የኮሎምበስ ማዕበል ግድብ ፈርሶ ተገኘ። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በጂንጃ አካባቢ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1862 ጆን ሃኒንግ ስፒክ አይቶ ሪፖን ብሎ የሰየመው ፏፏቴ በ1954 በተመረቀው የኦዌን ግድብ ሥራ ጠፋ። ከግድቡ በታች ግን ብዙ ፈጣን ወራጆች ቀርተው ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጎማ ጀልባ ጉዞ በዚያ ተስፋፋ፤ ሐይቁ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ ስለሚመግበውና ውኃው ሞቃት ስለሆነ በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት ሲገባ የዓለም ቀዛፊዎች መሰብሰቢያ ሆነ። ናይል ስፔሻል የተባለው ማዕበል ስሙ በየአገሩ ታወቀ። የወንዙ ዳር ልጆችም ከጎብኚዎች ተምረው በዓለም ውድድር ላይ አገራቸውን እስከ መወከል ደረሱ።

በሌላ በኩል ኡጋንዳ መብራት ያስፈልጋት ነበር። በ2005 እና በ2006 የሐይቁ ውኃ ቀንሶ ከተሞቿ በጨለማ ተቸግረው ነበር። 250 ሜጋዋት የሚያመነጨው የቡጃጋሊ ግድብ በ2012 ሥራ ሲጀምር የቡጃጋሊ ፈጣን ወራጆች በሐይቁ ሥር ገቡ። ገንዘብ ካበደሩት አንዱ የሆነው የዓለም ባንክ ከመንግሥቱ ጋር በ2007 ባደረገው ስምምነት በምትኩ ከታች ያለው የካላጋላ ክፍል ተጠብቆ እንዲቆይ ተወስኖ ነበር። ይሁን እንጂ በ2019 183 ሜጋዋት የሚያመነጨው የኢሲምባ ግድብ ተመረቀ፤ ሐይቁም ሊጠበቅ ወደታሰበው ክፍል ዘለቀ፤ ስምምነቱም እንደገና ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል የቀሩት ማዕበሎች ዕድል በሐይቁ ከፍታና ዝቅታ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ግድብ መሥራት ጥፋት ነው የሚለውን አይደለም። በጨለማ የሚኖር ሕዝብ ስለ ማዕበል ሲል ጨለማውን ይታገሥ የሚል ሰው ፍርደ ገምድል ነው። የምንማረው፣ መጀመሪያ ያልተመዘገበና ያልተተመነ ነገር ኋላ በስምምነት ቃል ብቻ ሊጠበቅ አስቸጋሪ መሆኑን ነው። በኦኮዪ ዋጋው በገንዘብና በቀን ቁጥር ስለተጻፈ ጸና፤ በጂንጃ በወሰንና በተስፋ ቃል ላይ ስለተመሠረተ ተገፋ።

ወደ አገራችን ስንመጣ

የእኛም ወንዞች ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ቡድን በታላቁ ዓባይ ሸለቆ በጎማ ጀልባ ወረደ፤ ጉዞው ሕይወት አስከፍሏል። በ1972 ማይክ ጆንስና ጓደኞቹ በካያክ ዓባይን ቀዘፉ። በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ባልደረቦቹ በአዋሽና በኦሞ ወንዞች ላይ ያደረጉት ጉዞ በኋላ በመላው ዓለም ለታወቀ የወንዝ ጉዞ ድርጅት መነሻ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ከጻፉት ማስታወሻ ሌላ የእነዚያን ወራጆች ጠባይ የሚገልጽ ጽሑፍ ከፈለግን ብዙ አናገኝም። የዓባይ ሸለቆ የታችኛው ክፍል ዛሬ በ2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ተኝቶበታል። ግድቡ የሕዝብ ተስፋ ነው፤ ሊሠራም የተገባ ነበር። ከሐይቁ ሥር የገባው ወንዝ ምን ይመስል እንደነበር መዝግቦ ማስቀረት ግን ከግድቡ ጋር የሚጣላ ነገር አይደለም።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ጢስ ዓባይ ነው። 45 ሜትር ያህል ከሚወርደው ፏፏቴ አጠገብ በ1964 የተሠራው የመጀመሪያው ማመንጫ ከ12 ሜጋዋት ያነሰ ስለነበር የሚወስደው ውኃ ብዙ አልነበረም። በ1996 በጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ከተሠራና በ2001 የ73 ሜጋዋቱ ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ፏፏቴው በበጋ ወራት እየሳሳ ሄደ። በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት ይዞ ሲመረቅ የሐይቁ ውኃ በሌላ አቅጣጫ መውጫ አገኘ። ጢስ ዓባይን ለማየት የሚመጣው እንግዳ፣ እንግዳውን የሚመራው የአካባቢው ወጣት፣ በጢሱ እርጥበት የሚኖረው ዛፍና ሣር በየትኛው ዓምድ ተቆጥረው ነበር? ለፏፏቴው በዓመት ስንት ቀን፣ በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ተብሎ በቁጥር የሚጻፍ ድርሻ ቢኖረው ኖሮ ክርክሩ ከስሜት ወጥቶ ወደ ሂሳብ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚያቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ለመስኖና ለመጠጥ ውኃ የምንሠራቸው ዝቅተኛ የመቀልበሻ ግድቦች ሕፃናት በሚዋኙባቸውና እረኞች ከብት በሚያሻግሩባቸው ወንዞች ላይ ስለሆኑ፣ የታች ፊታቸው የሚመለስ ውኃ እንዳይፈጥር አድርጎ መንደፍ የንድፉ ግዴታ ይሁን፤ በሙላትም በጉድለትም ጊዜ የታችኛው ውኃ ጥልቀት ይመርመር። ሁለተኛ፣ በሐይቅ ሥር የሚገባ ወንዝ ሁሉ ቁልቁለቱ፣ ስፋቱ፣ ፈጣን ወራጆቹና በየወሩ የሚያሳየው ጠባይ ከመሙላቱ በፊት ተለክቶ በመዝገብ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ውኃ ከአልጋው በሚወሰድበት ሥራ ሁሉ በአልጋው የሚቀረው ውኃ መጠንና ቀን በቁጥር ይጻፍ፤ ዋጋውም ከሚመነጨው ኃይል ጎን ይቀመጥ።

በማዕበል ላይ የሚጫወተው ቀዛፊ የሚጠይቀን ግድብ እንዳንሠራ አይደለም። ጉልበቱን ከማጥፋታችን በፊት ምን እንደምናጠፋ እንድናውቅ ነው። ይህንንም ከእኛ የበለጠ ለማወቅ የሚገባው ባለሙያ የለም።